ልየታ፣ ሻጋታ፣ ማጅራት ገትር
በኤች.አይ.ቪ. ሕክምና መግቢያ ላይ ለሚደረግ አንድ ምርመራ የተሰጡ አማርኛ ስያሜዎችን በተመለከተ የቀረበ ሂስ

የሕክምና ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ነው። ቃሉ ከሥሩ በደንብ ወጥቷልን? ለአነጋገር ይቀላልን? ከባዕዱ ቃል ጋር ይመጣጠናልን? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ስያሜው ከጤና ባለሙያው አፍ ወጥቶ ከሕመምተኛው ጆሮ ሲደርስ ምን ዐይነት ሐሳብ እንደሚያስነሣ የሚጠይቅ ሂስ እምብዛም አይታይም። በዚህ ጽሑፍ አንድ የተወሰነ የምርመራ ዘርፍ መርጠን ይህንኑ ጥያቄ ለማንሣት እንሞክራለን። የመረጥነውም የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና በሚጀምሩ ሰዎች ላይ ክሪፕቶኮከስ የተባለውን ፈንገስ ለማግኘት የሚደረገው የደም ምርመራ ነው።

ቦታውን ጎንደር ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ያሰማራ ተቋም ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ አገልግሎቱ ግን በአማርኛ በመሆኑ ባለሙያው ከመማሪያ ክፍል እንደ ወጣ ተርጓሚ መሆን ግድ ይለው ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከወገራ፣ ከጃናሞራ ተልኮ ጎንደር ሆስፒታል የሚደርስ ሕመምተኛ ስለ ራሱ ደም የሚሰማው ነገር ሁሉ በዚያ በቃል በተተረጎመ አማርኛ የሚነገረው ነው።

1. ስለ ጉዳዩ በአጭሩ

ክሪፕቶኮከስ በአፈር ውስጥ፣ በተለይም በርግብና በሌሎች ወፎች ኩስ በተበከለ አፈር፣ እንዲሁም በአንዳንድ ዛፎች ላይ የሚኖር ደቂቅ ፈንገስ ነው። ሰው በትንፋሽ ያስገባዋል፤ ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። የሰውነት የመከላከል አቅም ጤናማ ሲሆን ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ኤች.አይ.ቪ. አቅሙን ሲያዳክመው ግን ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ሽፋን ይዛመታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት በ2020 ከፈንገሱ ጋር በተያያዘ የአንጎል ሽፋን ሕመም 112,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ያመለክታል። ይህም በኤድስ ምክንያት ከሚደርሰው ሞት አምስት እጅ አንዱን የሚጠጋ ነው።

ለምርመራው ጠቀሜታ መሠረት የሆነው ነገር የፈንገሱ አካል ቁራጭ፣ ማለትም አንቲጂኑ፣ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት በደም ውስጥ መገኘቱ ነው። በአንዲት ስስ የመመርመሪያ ወረቀት አማካይነት ውጤቱ በ10 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የሲዲ ፎር ቁጥራቸው ከ100 በታች የሆኑ አዋቂዎች ይህን ምርመራ እንዲያደርጉ እ.ኤ.አ. በ2011 መከረ፤ በ2018ም ምክሩን አጽንቶ እስከ 200 ላሉትም ሊታሰብ እንደሚችል አከለ። አንቲጂን የተገኘበት ሰው ሕመሙ ወደ አንጎል አለመድረሱ ከተረጋገጠ ፍሉኮናዞል ይጀመርለታል። ደርሶ ከሆነ ግን ጠንከር ያለ ሕክምና ይሰጠዋል፤ የጸረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱም ከ4 እስከ 6 ሳምንት እንዲዘገይ ይደረጋል። በታንዛኒያና በዛምቢያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ምርመራውን ከቅርብ ክትትልና ምክር ጋር ያገኙ ሰዎች ሞት በ28 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን አሳይቷል። በዚህ ጥናት ከምርመራው ጎን የቆመው ምክር መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እንፈልጋለን። ምክር ደግሞ በቃል የሚሰጥ ነገር ነው።

2. «ልየታ» እና «ቅድመ ልየታ»

ሕመም ያልተሰማውን ሰው መርምሮ ሕመም ያለበትን ከሌለበት መለየት ለሚለው ጽንሰ ሐሳብ በዛሬው የጤና አማርኛ ሦስት ስያሜዎች ይወዳደራሉ፤ «ማጣራት»፣ «ምርመራ» እና «ልየታ»። «ማጣራት» የጠላ፣ የማር፣ የወሬና የክስ ቃል ነው፤ ከአተላው ወይም ከሐሰቱ ነጻ የሆነውን ማግኘት ማለት ነው። «ምርመራ» ሰፊ ቃል ሲሆን የታመመውንም ያልታመመውንም ያጠቃልላል፤ ስለዚህ ልዩነቱን አይገልጽም።

አማርኛ ለመለየት ተግባር ድኻ አይደለም። የደጋው ገበሬና ባለቤቱ ከአውድማ እስከ ጓዳ ያሏቸውን ግሦች ብንቆጥር ማበራየት፣ ማበጠር፣ ማንገዋለል፣ ማንጠርጠር፣ መንፋት፣ መልቀም እናገኛለን። እያንዳንዱ የራሱ መሣሪያና የራሱ የእጅ እንቅስቃሴ አለው። ታዲያ ከእነዚህ አንዱን ለሕክምና መዋስ አይሻልም ነበርን? አይሻልም እንላለን። ሁሉም አንድ ነገር ይጋራሉና፤ ከተለዩት ሁለት ወገኖች አንዱ ይጣላል። ገለባው ይበናል፤ ጠጠሩ ይወረወራል። የመርማሪው ዓላማ ግን ተለይቶ ለተገኘው ሰው ከሁሉ አብልጦ ማሰብ ነው። «ለየ» የሚለው ግሥ ብቻ ሁለቱን ወገኖች እኩል አክብሮ ያስቀምጣል። እናቲቱ ልጇን ከሕዝብ መካከል ትለያለች፤ እረኛው ከብቱን ከመንጋው ይለያል፤ ማንም አልተጣለም። በዚህ ምክንያት «ልየታ» ከተወዳዳሪዎቹ ይበልጣል የሚል አስተያየት አለን።

ነገር ግን ቃሉ ጥላ አለው። «መለየት» ከሰው መነጠልንም፣ መሞትንም ይጠቁማል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ «ለይቶ ማቆያ» የሚለው ሐረግ በአገሩ ሁሉ ስለ ተሰማ ጥላው ጠቁሯል። ከጎረቤቱ ተሰውሮ ወደ ሕክምና የመጣ ሰው «ልየታ ይደረግልዎታል» ሲባል ከሰው ልነጠል ነው ብሎ ቢሠጋ አይፈረድበትም። መፍትሔው ቃሉን መጣል አይደለም፤ የሚለየው ሕመሙ እንጂ ሰውየው አለመሆኑን በአገባብ ማሳየት ይበቃል። «እርስዎን ለመለየት» ከማለት ይልቅ «የሕመሙን ዐይነት ለመለየት» ማለት ለውጡ ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

«ቅድመ ልየታ» የሚለውን ግን በግልጽ እንነቅፋለን። «ቅድመ» በግእዝ አገባብ ተከታዩን ስም ገዝቶ «ከእርሱ በፊት» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ቅድመ ታሪክ ከታሪክ በፊት፣ ቅድመ ክርስቶስ ከክርስቶስ በፊት ነው። በዚህ ሕግ ቅድመ ልየታ ከልየታ በፊት ያለው ጊዜ እንጂ ልየታው ራሱ ሊሆን አይችልም። እርግጥ «ቅድመ ክፍያ» እና «ቅድመ ዝግጅት» በሚሉት አዳዲስ ቃላት ውስጥ «ቅድመ» እንደ ቅጽል ሆኖ «አስቀድሞ የሚደረግ» የሚል ፍች አግኝቷል፤ ቋንቋው የተቀበለውን እኛ አንከለክልም። ችግሩ ሁለቱ አገባቦች በአንድ ሙያ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው። በአንድ ቅጽ ላይ «ቅድመ ሕክምና» ከሕክምና በፊት፣ «ቅድመ ልየታ» ደግሞ ልየታው ራሱ ከሆነ ተርጓሚው በየትኛው ሕግ ይመራ? «ልየታ» ብቻውን ይበቃል። ጊዜው መገለጽ ካለበት በዐረፍተ ነገር ይገለጽ። «ቅድመ ሕክምና ልየታ» የሚለው በሰዋስው ትክክል ቢሆንም መድኃኒቱን አቋርጠው የተመለሱትን ያስቀራል፤ እነርሱም ምርመራው ከሚያስፈልጋቸው ወገን ናቸው።

3. «ፈንገስ»፣ «ሻጋታ»፣ «እርሾ»

ለባዕዱ ቃል አገርኛ አቻ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚደርስበት «ሻጋታ» ነው። ሻጋታ በእርግጥ ፈንገስ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ የሚኖረው በእንጀራና በዳቦ ላይ ነው። «በደምዎ ሻጋታ አለ» የተባለ ሰው የሻገተ እንጀራ በልቼ ነው ብሎ ቢያስብ የቃሉን ተፈጥሮ ተከተለ እንጂ አልተሳሳተም። ከዚያም ጥፋቱ ወደ ጓዳ ይሄዳል፤ እንጀራውን የጋገረችው ሴት ተወቃሽ ትሆናለች። በትንፋሽ ከአፈር የገባ ነገር በአንድ ስያሜ ምክንያት የቤት ጠብ ሊሆን ነው። «እንጉዳይ»ም ከዚህ አይሻልም፤ ሊበላ የሚችል ነገር ነውና።

«እርሾ» ሌላ ጉዳይ ነው። በሥነ ሕይወት አመዳደብ ክሪፕቶኮከስ ከእርሾ ወገን ስለሆነ ስያሜው ከሁሉ ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነው። ይሁንና እርሾ በአማርኛ በጎ ቃል ነው፤ ከአንዱ ሊጥ ለሌላው የሚተላለፍ፣ ከጎረቤት የሚለመን፣ የቤት በረከት ነው። ገዳይ ነገርን በዚህ ስም መጥራት ሕመምተኛውን ግራ ያጋባል። ስለዚህ ቃሉ ለተማሪ መጽሐፍ ይቆይ፤ ለሕመምተኛ ምክር አይሁን።

የቀረው የውሰት ቃል «ፈንገስ» ነው። ይህም የራሱ ጉድለት አለው። ሕዝቡ ፈንገስን የሚያውቀው በቆዳ፣ በጥፍርና በእግር ጣቶች መካከል ነው፤ ቋቁቻ፣ ጭርትና ቆረቆር እያለ በየስማቸው የሚጠራቸው ሕመሞች በዚህ ቃል ሥር ተሰብስበዋል። እነዚህም ቅባት የሚበቃቸው፣ ሰው የማይሞትባቸው ሕመሞች ናቸው። ስለዚህ «ፈንገስ» ብቻውን ሲነገር አደጋውን ያሳንሳል። በአንጻሩ «ክሪፕቶኮከስ የሚባል፣ በደም የሚዛመት ፈንገስ» ብሎ መጀመር፣ ከዚያም «ይህ ፈንገስ» እያሉ መቀጠል፣ ቃሉ የቆዳውን ፍች ይዞ እንዳይሄድ ያደርገዋል።

አንዳንድ የቋንቋ ወዳጆች ክሪፕቶኮከስንም ተርጉሙት ይላሉ። የቃሉ ሥር ግሪክኛ ነው፤ ስውር ፍሬ ወይም ኅቡእ ቅንጣት እንደ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን የትርጉም ሥራ አገር ይጠይቃል። የቅኔና የድጓ ጉባኤዎች ባሉበት፣ የክታብ ጽሕፈት በሚታወቅበት በጎንደር ምድር «ኅቡእ» ሲባል የሚታሰበው ኅቡእ ስም፣ «ስውር» ሲባል የሚታሰበው የተሰወሩ ቅዱሳን ናቸው። በደሙ ውስጥ ኅቡእ ነገር አለ የተባለ ሰው ሐኪም ቤቱን ትቶ ወደ ሌላ ደጅ ቢሄድ መንገዱን ያሳየነው እኛ ነን። ስለዚህ ስሙ በውሰት ይቅር።

4. «አንቲጂን»

በዚህ ቃል ላይ የሚደርሰው ስሕተት ስውር አይደለም። «አንቲ» ያለበትን ሁሉ «ጸረ» ብሎ የመመለስ ልማድ አለ፤ ለጸረ ተሕዋስያን መድኃኒትና ለጸረ ኤች.አይ.ቪ. ትክክል ሠርቷል። አንቲጂን ግን የሚቃወም ነገር አይደለም፤ ሰውነት የሚቃወመው ነው። ልዩነቱ ለሕመምተኛው ተግባራዊ ፍች አለው። የተለመደው የኤች.አይ.ቪ. የደም ምርመራ በዋናነት የሚያሳየው ሰውነት የሰጠውን ምላሽ ሲሆን የክሪፕቶኮከስ ምርመራ የሚያሳየው ከፈንገሱ ልባስ የወጣውን ቁራጭ ራሱን ነው።

ለምክር አገልግሎት «ዱካ» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። «የፈንገሱ ዱካ በደምዎ ውስጥ ታይቷል» ማለት እረኛም አዳኝም የሚረዳው አነጋገር ነው። ዱካ አውሬው እንዳለ ይነግራል፤ የት እንደ ደረሰ ግን ገና መፈለግ አለበት። በተጨማሪም አንቲጂኑ ከተሳካ ሕክምና በኋላ ለወራት በደም ሊቆይ ስለሚችል «ዱካው ቀርቷል» ማለት ይቻላል። «አሻራ» የሚለውን ያልመረጥነው ከፖሊስ ጣቢያ ጋር ስለ ተቆራኘ ነው። በላቦራቶሪ ጽሑፍ ግን «አንቲጂን» ይቀጥል።

5. «ማጅራት ገትር»

ይህ ስያሜ ከአማርኛ የሕክምና ቃላት ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ማጅራትን የሚገትር፣ አንገትን እንደ ተወጠረ ገመድ የሚያቆም ሕመም ማለት ነው። ሁለት የታወቁ ቃላት ተጋጥመው ምልክቱን በዐይን ያሳያሉ። በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. ገደማ ታላላቅ ወረርሽኞች በተነሡ ጊዜ ይህ ስም ሕዝቡ ምልክቱን እንዲያውቅ የረዳ መሆኑ አያጠራጥርም።

ለክሪፕቶኮከስ ሲሰጥ ግን መልካምነቱ ወደ ጉዳት ይለወጣል፤ ሦስት ምክንያቶች አሉን። አንደኛ፣ በዚህ ሕመም ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንገታቸው አይገተርም። ዋናው ምልክት ለሳምንታት እያደር የሚጠና ራስ ምታት ነው፤ ቆይቶም የእይታ መደብዘዝና የአእምሮ መታወክ ይከተላል። «ማጅራቴ ደኅና ነው፤ እንግዲያስ ማጅራት ገትር አይደለም» የሚል ሕመምተኛ በስያሜው እየተመራ ወደ ሞት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ስሙ የወረርሽኙን ትዝታ ይጠራል፤ ቤተ ሰቡ ይጋባብናል ብሎ ሊሸሸው ይችላል። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በተከታታይ ዙሮች የማጅራት ገትር የክትባት ዘመቻ ስለ ተካሄደ «ተከትቤአለሁ» የሚል መልስ መጠበቅ አለበት፤ ያ ክትባት ደግሞ ለአንድ የባክቴሪያ ዐይነት እንጂ ለፈንገስ አይደለም።

ስለዚህ «ማጅራት ገትር» ለወረርሽኙ ሕመም ይቅር። ለዚህኛው «የአንጎል ሽፋን ብግነት» የሚለው ጠቅላላ ስያሜ፣ በምክር ጊዜም «ወደ አንጎል ሽፋን የገባ ፈንገስ» የሚለው ገላጭ ሐረግ ይሁን። ስም ምልክትን ሲይዝ ኀይል ያገኛል፤ ምልክቱ ሳይመጣ ሲቀር ግን ስሙ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የአከርካሪ ፈሳሽ ምርመራ ነው። «ከወገብ ውሃ መቅዳት» የሚለው የተለመደ አነጋገር ከምንጭ ወይም ከእንስራ እንደሚቀዳ ውሃ የመጉደልን ስሜት ይሰጣል። «ከኅብለ ሰረሰር ናሙና መውሰድ» የሚለው የተማሩ ሰዎች አነጋገር ደግሞ ይብሳል፤ መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች በመሆኑ ስያሜው የሌለ አደጋ ይፈጥራል። «የአከርካሪ ፈሳሽ ናሙና» ትክክልም ነው፣ አያስፈራም።

6. ስለ ውጤት አነጋገር

እስካሁን የተመለከትነው ስሞችን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን በግሡ ላይ የሚቀጠለው «በ» ነው። «ተፈረደለት» እና «ተፈረደበት» በሚሉት ግሦች እንደሚታየው አማርኛ ድርጊቱ ለማን እንደ በጀ፣ ማንን እንደ ጎዳ በአንድ ፊደል ይናገራል። «ተገኘበት» ደግሞ ከጉዳት ሌላ ጥፋተኝነትንም ይጨምራል፤ የተሰረቀ ዕቃም «ተገኘበት» ይባላልና። ቫይረሱ የሌለበት ሰው «ነጻ ነህ» ይባላል፤ ይህ ደግሞ ከችሎት የሚወጣ ሰው የሚሰማው ቃል ነው። «ምርመራ»፣ «ማጣራት»፣ «ተገኘበት»፣ «ነጻ» እነዚህን አንድ ላይ ብናነብ ያለንበት ቦታ ሐኪም ቤት ይሁን ፍርድ ቤት ለመወሰን ያስቸግራል። ከላይ በክፍል 1 እኛ ራሳችን «አንቲጂን የተገኘበት ሰው» ብለን መጻፋችንን አንባቢ ሳይታዘብ አይቀርም፤ ሆን ብለን የተውነው አነጋገሩ ምን ያህል ሳይታወቅ እንደሚያልፍ እንዲታይ ነው።

ቋንቋው ሌላ በር አለው። «የፈንገሱ ዱካ ታይቷል፤ ሳይብስ በመታየቱ መድኃኒት ይጀመርልዎታል» ቢባል ሰውየው በ«ለ» ወገን ይቆማል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂልም ለዚህ ምርመራ ከማንኛውም ትርጓሜ ይልቅ ተስማሚ ነው፤ እሳቱ አለ፣ ቤቱ ግን ገና አልተቃጠለም። በዚህ ደረጃ የሚሰጠውን ፍሉኮናዞል «መከላከያ» ማለት ግን አይገባም፤ መከላከያ ገና ላልመጣ ጠላት ነው። «ቀድሞ ማከም» ይበቃል።

የመጨረሻው ነጥብ መዘግየትን ይመለከታል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት የጀመረው የጸረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በሕዝብ አነጋገር «ዕድሜ ማራዘሚያ» ተብሎ ይታወቃል። ስሙ በጊዜው ተስፋ ሰጥቷል። ነገር ግን ፈንገሱ ወደ አንጎል ሽፋን ለገባበት ሰው «ዕድሜ ማራዘሚያው ለጊዜው ይቆማል» ብንለው የሰማው «ዕድሜህ ይቆማል» የሚል ነው። «ተከልክሏል» ከተባለ ደግሞ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። «መጀመሪያ ፈንገሱን እናክማለን፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትዎን ያስጀምሩዎታል» የሚለው አነጋገር ቅደም ተከተሉን እንጂ እጦትን አይናገርም። ቀጠሮውም ከቃሉ ጋር ይሰጣል።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተመለከትናቸውን በአጭሩ እናስቀምጥ። ለምርመራው «ልየታ»፣ ያለ «ቅድመ»፤ ለተሕዋሱ «ክሪፕቶኮከስ» እና «ፈንገስ»፣ ያለ «ሻጋታ»፤ ለአንቲጂን በላቦራቶሪ የውሰቱ ቃል፣ በምክር «ዱካ»፤ ለሕመሙ «የአንጎል ሽፋን ብግነት»፤ ለናሙናው «የአከርካሪ ፈሳሽ ናሙና»፤ ለሕክምናው «ቀድሞ ማከም»። ከእነዚህ ውስጥ «ዱካ» አዲስ ሐሳብ በመሆኑ በቅድሚያ መፈተን አለበት። ፈተናው በኮሚቴ ጠረጴዛ ዙሪያ ብቻ ከሆነ ግን ከንቱ ነው። ቃሉን ለአንድ የወገራ ገበሬና ለአንዲት የጎንደር ከተማ ነጋዴ ነግሮ፣ የሰሙትን በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲናገሩ መጠየቅ ይገባል። የተመለሰው ከተነገረው ጋር ካልተስማማ መለወጥ ያለበት ስያሜው ነው።

የቃላት ምርጫ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ የመመርመሪያው ወረቀትና ፍሉኮናዞሉ ከሌሉ ስያሜው ቢያምር ምንም አይጠቅምም። ሁለቱ ባሉበት ቦታ ግን ሰውየው ውጤቱን ሰምቶ በቀጠሮው ቀን መመለሱና አለመመለሱ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ላይ የተንጠለጠለ ነው። በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ተርጓሚዎችና የጤና ባለሙያዎች፣ በተለይም ከሌሎች የአማርኛ ተናጋሪ አካባቢዎች፣ በየቦታቸው የሚሰሙትን ስያሜና የሚያስነሣውን ስሜት ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም ከዚህ ዝርዝር ጋር አነጻጽረን እናቀርባለን።